ስለ መሪ ማረጋጊያውና ስለ ፈሰሰው አሸዋ የተሰጠ የማረሚያ ቃል

የምስክሩ መጠሪያ፦ «ባለ አሸዋው» (በሠፈርም በሥራም የሚታወቁበት)
ዕድሜ፦ ሰባ አንድ ዓመት
ሥራ፦ ግንበኛ፤ በዕድሜ ምክንያት ሥራ ያቆሙ («ያቆሙ» ሳይሆን «የቀነሱ» ተብሎ እንዲጻፍ ምስክሩ ጠይቀዋል)
የትዳር ሁኔታ፦ ሚስት የሞተችባቸው
የትምህርት ደረጃ፦ በጥቂቱ ማንበብ፣ ስማቸውን መጻፍ
አድራሻ፦ ከመኪና ማጠቢያው በስተጀርባ፣ አረንጓዴ የብረት በር ያለው ቤት
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ቦታ፦ ሰኞ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ፣ ምርመራ ክፍል
ጉዳዩ፦ ቅዳሜ በውሃ ጋኑ ኩርባ ላይ የደረሰ የሞተር ሳይክል መገልበጥና የአካል ጉዳት

እኔ መጠሪያዬና አድራሻዬ ከላይ የሰፈረው ምስክር፣ ቅዳሜ ዕለት አደጋው በደረሰበት ቦታ ለትራፊክ ፖሊሱ የሰጠሁትን ቃል ለማረም ማንም ሳይጠራኝ በራሴ እግር ወደ ጣቢያው መጥቻለሁ። ቅዳሜ የተናገርኩት፣ የልጄ ባል በሞተሩ ላይ የገጠመው የመሪ ማረጋጊያ ነክሶ መሪውን ስለያዘው ልጄ ወደቀች፣ ብረቱ ሲሰበርም በጆሮዬ ሰምቻለሁ የሚል ነበር። በዚህ ቃሌ መነሻነት የልጄ ባል ከቅዳሜ ጀምሮ በዚሁ ጣቢያ ታስሮ ይገኛል። ዛሬ የምናገረው ደግሞ፣ ልጄን የጣላት አስፋልቱ ላይ የፈሰሰ አሸዋ መሆኑን፣ አሸዋውም የእኔ መሆኑን ነው። ተናግሬ ቃሌን አጥፌ አላውቅም።

መርማሪው ሳጅን መጻፍ ከመጀመሩ በፊት፣ በአንድ ጉዳይ ላይ ሁለት የማይገጥም ቃል መስጠት እኔኑ ሊያስጠይቀኝ እንደሚችል፣ አሸዋው የእኔ ከሆነም በቸልተኝነት ልከሰስ እንደምችል አስረድቶኛል። ገብቶኛል። እኔም በበኩሌ ልጄ ዛሬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለዳሌዋ ቀዶ ጥገና እንደምትገባ፣ ከዚያ በፊት ባሏ አጠገቧ እንዲደርስ የምፈልግ መሆኔን ገልጬ፣ ጽሕፈቱ ቶሎ ቶሎ እንዲሄድ ጠይቄአለሁ። ሳጅኑ፣ አባት እርስዎ ሳይዞሩ ከተናገሩ እኔም ሳልዞር እጽፋለሁ ብሎኛል። ሆኖም ነገሩ ከሥሩ ካልተነገረ የማይገባ ስለሆነ ትንሽ መዞሬ አልቀረም።

ሞተሩ ለረጅም ጉዞ የተሠራ ትልቅ ሞተር ነው። ግራና ቀኝ ሳጥን አለው፣ ወንበሩ ሰፊ ነው፣ ቆሞ ከዘመመ ብቻውን የሚያነሣው ሰው ጥቂት ነው። እኔ ግንበኛ፣ ሟች ባለቤቴ ቀለም ቀቢ ስለነበርን ከሥራ ወደ ሥራ በዚህ ሞተር አብረን እንሄድ ነበር። እኔ ግድግዳ ሳቆም እሷ ከኋላዬ እየተከተለች ታሳምረው ነበር፤ ሞተሩ ላይም እንደዚያው ከኋላዬ ነበረች። የኋላውን ሞላ፣ ክብደት የሚሸከመውን ጥቅል ብረት፣ በጊዜው የነበረው መካኒክ በሁለታችን ክብደት ልክ አጥብቆ አሰረው። እሷ ካረፈች በኋላ ብቻዬን ስነዳው ሞተሩ ጭራውን ሰቅሎ አፍንጫውን ደፋ፤ ፈጠን ባልኩ ቁጥር መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ምክንያቱን ማንም አልነገረኝም፤ ራሴ ደረስኩበት። የጎደለው ክብደት ነው። ስለዚህ የተነፋ አሸዋ በጆንያ ሞልቼ እሷ ትቀመጥበት በነበረው ቦታ ላይ በገመድ አሰርኩ። መንቀጥቀጡ ተወኝ። ባለ አሸዋው የተባልኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ከዚህ የባሰ ስም የወጣላቸው ሰዎች ስላሉ አልተቀየምኩም።

የልጄ ባል መካኒክ ነው። ብዙ አይናገርም፤ ሲናገርም ብሎን እያጠበቀ ስለሆነ ሰው ከብሎኑ ጋር የሚያወራ ይመስለዋል። ቤተሰብ በሆነ በመጀመሪያው ሰሞን ሞተሩን አይቶ፣ አባባ ይህ አሸዋ አያስፈልግም፣ የኋላውን ሞላ ትንሽ ላላ ባደርገው ይበቃል አለኝ። ሞላውን የነካ እጅ ከእኔ ጋር አይጨባበጥም ብዬ መለስኩለት። ለምን ከለከሉት ተብዬ ስጠየቅ፣ ሞላው የታሰረው በባለቤቴ ክብደት ልክ ስለሆነ ነው እላለሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም። ሳጅኑ ይህ ለጉዳዩ ምን ይጠቅማል ብሎ ብዕሩን አንሥቶ ነበር፤ ይጻፍ ብዬ ስለጸናሁ ተጽፏል።

ጉልበቴ እምቢ ካለኝ ወዲህ ሞተሩን የምትነዳው ልጄ ናት። ሥራዋ ከጤና ጣቢያዎች የደም ናሙና ሰብስባ ወደ ትልቁ ላብራቶሪ ማድረስ ነው። ናሙናው በብልቃጥ ሆኖ በበረዶ ሳጥን ይጫናል፤ መሪው ሲንቀጠቀጥ ብልቃጡ ይንጫጫል፣ አንዳንዱም ይሰነጠቃል። ሞተሩን ስሰጣት አሸዋው ከወንበሩ እንዳይወርድ ብዬ ሰጠኋት። እሺ አለችኝ። ሳሙና ልገዛ ሱቅ የሄድኩ ዕለት ባለ ሱቁ በሩ ላይ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ለስላሳ ሲጠጣ አገኘሁት። ጆንያው የእኔ ነበር። ጠዋት ጠዋት እዚያ ታራግፈውና ማታ ስትመለስ ጭናው ትገባ ኖሯል። ባለ ሱቁን ተነሥ አልኩት፤ ደንግጦ ተነሣ፤ ጆንያውን ተሸክሜ ወደ ቤቴ ተመለስኩ፤ ሳሙናውን ረሳሁት። ልጄ ማታ መጥታ፣ አባዬ እማዬን ሱቅ በር ላይ አላስቀመጥኳትም፣ አሸዋ ነው ያስቀመጥኩት አለችኝ። ሦስት ቀን አላናገርኳትም።

ሞላው እንዳይነካ ስለከለከልኩ፣ አሸዋውም ስለማይመቻት፣ ባሏ ሦስተኛ መንገድ ፈለገ። ከአንድ የውጭ ሞተር መለዋወጫ የሚያመጣ ሰው ማረጋጊያ አመጣ። ይህ ነገር ክንድ የማያህል ብረት ነው፤ ውስጡ ዘይት አለው። አንዱ ጫፍ ከመሪው፣ ሌላው ጫፍ ከሞተሩ አካል ጋር በብሎን ይታሰራል። መሪው በዝግታ ሲዞር ይለቃል፤ በድንገት ሲወራጭ ይይዛል። በር በኃይል እንዳይዘጋ የሚይዘውን ብረት ያየ ሰው ይህንንም ያውቀዋል። ሞተሩ ከተሠራበት ፋብሪካ አብሮት የመጣ ግን አይደለም። እኔን ያበሳጨኝም ይህ ነው። ጋራዥ ሄጄ ሰው እየሰማ፣ ፋብሪካው ያላወቀውን አንተ አወቅህ ወይ አልኩት። እሱ ቀና ሳይል፣ «ፋብሪካው አሸዋም አልጫነበትም አባባ» አለኝ። ጋራዡ በሙሉ ሳቀ። ሳቁ ሆዴ ገብቶ ተቀመጠ።

ከዚያ ወዲህ ጋራዡ ደጃፍ ላይም፣ ጸጉር ቤትም፣ ያገኘሁት ሰው ፊት ሁሉ ይህ ብረት አንድ ቀን መሪውን ነክሶ ልጄን ይገድላታል እል ነበር። ይህን ማለቴን አልክድም፤ የሰማ ብዙ ነው። እንዲህ ያልኩት ብረቱን መርምሬ አይደለም። ስለተሳቀብኝ ነው።

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት አካባቢ ጋራዡ ሄድኩ። ልጄ የዕረፍት ቀኗ ስለነበር ሞተሩን ለማሳጠብ ይዛው መጥታ ነበር። እኔና ባሏ ያንኑ ክርክር ጀመርን። ከጋራዡ ጎን ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ፣ ጋሼ ሁለታችሁም አፋችሁን ከምታደክሙ ጎማው ይናገር አለ። ነገሩ እንዲህ ተስማማን። መጀመሪያ ማረጋጊያው ይፈታና አሸዋው ተጭኖ ይነዳል፤ ቀጥሎ አሸዋው ይውረድና ማረጋጊያው ታስሮ ይነዳል። መንገዱ ከጋራዡ ተነሥቶ የመጋዘኑን ረጅም ግንብ ይዞ ቀጥ ብሎ እስከ ውሃ ጋኑ ይሄዳል፤ ጋኑ ጋ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ ከኩርባው አለፍ ብሎ የድንጋይ መፍጫው በር አለ። እዚያ ዞሮ መመለስ ነው። መንገዱ ጠባብ ነው፣ መሃል መስመር የለውም።

የመጀመሪያውን እኔ ነዳሁ። ጉልበትዎስ ብለውኝ ነበር፤ ጉልበቴ የእናንተ ነው ወይ አልኳቸው። ጆንያውን ከቤቴ አስመጥቼ ራሴ አሰርኩት። ስሄድ ደህና ነበር። ከመፍጫው በር ዞሬ ስመለስ ኩርባው ላይ ጋደል ስል ጆንያው ከወንበሩ ሲንሸራተት ተሰማኝ፤ በአንድ እጄ ወደ ኋላ ይዤ አቃናሁት። ገመዱ የተቋጠረበት የወንበሩ መንጠቆ የጆንያውን ጎን የቀደደው ያን ጊዜ ነው። ይህን ያን ጊዜ አላወቅኩም። ያወቅኩት ከኩርባው ወጥቼ ቀጥታው መንገድ ላይ መሪው መንቀጥቀጡን ነው። ጋራዡ ስደርስ እንዴት ነበር አሉኝ። እንደ ድንጋይ ረግቶ ነው የመጣው አልኩ። ይህ እውነት አልነበረም።

ጆንያውን ሳወርደው ቀልሎ ነበር። ጎሚስታው አይቶ፣ ጋሼ ባለቤትዎን መንገድ አከሳት ብሎ ቀለደ። እኔ በቁጣ ተነሥቼ ጎማ ማንሻውን ብረት ያዝኩ፤ ሰው ገላገለን። ቁጣዬ ባያሳውረኝ ኖሮ ጆንያው ለምን ከሳ ብዬ እጠይቅ ነበር። ጎሚስታው በክፋት እንዳልተናገረ ዛሬ አውቃለሁ። የተናገረውም ያየውን ነው።

ቀጥሎ የልጄ ባል ማረጋጊያውን መልሶ አሰረ። በችኮላ አስሮት ነበር ወይ ተብዬ ስጠየቅ፣ አልነበረም። ስህተት ልፈልግበት አጠገቡ ቆሜ ዓይኔን ሳልነቅል አየሁት። ሁለቱንም ብሎኖች በቁልፍ አጠበቀ፤ መሪውን እስከ መጨረሻው ግራ፣ እስከ መጨረሻው ቀኝ አዞረው፤ የትም አልያዘውም። ከዚያ በየብሎኑ ራስ ላይ ነጭ ቀለም አሰመረ። ብሎን ከተነቃነቀ መስመሩ ስለሚዛነፍ በጋራዡ ያጠበቁትን ሁሉ እንዲህ ያሰምራሉ። ምንም ስህተት አላገኘሁበትም። ስላላገኘሁበትም ተናደድኩ።

ማን ይንዳው የሚል ነገር ተነሣ። እሱ ቢነዳው እኔ አላምንም፤ እኔ ብነዳው እሱ አያምንም። ስለዚህ ሁለታችንም የምናምናት ትንዳው ተባለ። ልጄ ሳቀች። ሄልሜቷን እያሰረች፣ ስመለስ ሁለታችሁም ዝም ትሉልኛላችሁ አለች፤ ከዚያ ሄደች።

እኔ መንገዱ መሃል ቆሜ ከኋላዋ እያየሁ ነበር። የመጋዘኑ ግንብ የተገነባው በእኔ እጅ ስለሆነ መስመሩን አውቀዋለሁ፤ ሞተሩን የለካሁት በግንቡ ነው። ፍጥነት ጨመረች። አሸዋ የለም፣ ሞላውም እንደተጠበቀ ነው፤ በእኔ ስሌት መሪው መወራጨት ነበረበት። የኋላ መብራቱ ግን ወዲህ ወዲያ ሳይል በቱንቢ እንደተለካ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ሄደ። ያን ጊዜ ልቤ ያወቀውን አውቋል። ምን ብዬ እንደምከራከር እያሰብኩ ሳለ ኩርባው ጋ ደረሰች።

የሰማሁትን በቅደም ተከተሉ እንዳስረዳ ተጠይቄአለሁ፤ ቅዳሜ ያዛባሁትም ይህንኑ ነው። መጀመሪያ የሰማሁት ጎማ ደረቅ ነገር ላይ ሲንሸራተት የሚያሰማው ሽሽ የሚል ድምፅ ነው። ቀጥሎ ሞተሩ ሲወድቅ ሰማሁ። በሦስተኛ፣ በጎኑ ተንሸራቶ የቦዩን ጠርዝ ሲመታ የብረት ስብራት ተሰማኝ። ማረጋጊያው የተሰበረው በሦስተኛው ነው፤ ያን ጊዜ ልጄ መሬት ላይ ነበረች። ቅዳሜ ለትራፊኩ ሦስተኛውን አንደኛ አድርጌ ነገርኩት። ዋሸሁ ወይስ ተምታታብኝ ተብዬ ተጠይቄአለሁ። ልጄ በሞተሩ የጎን ሳጥን ሥር እግሯ ተይዞ ስታቃስት አይቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ የሰማሁት ሁሉ ብረቱ ሲሰበር ብቻ መሰለኝ።

ቀድሞኝ የደረሰው ባሏ ነው። እኔ እየተቃረብኩ ሳለ ሞተሩን ብቻውን አነሣው። እኔ ስደርስ ኮሌታውን ይዤ፣ ብረትህ ገደላት አልኩት። አልተከላከለም። ፊቱ አመድ መስሎ፣ ሊሆን ይችላል አለ። ትራፊኩ ሲመጣም የእኔን ቃል ሰምቶ እሱን ሲጠይቀው ያንኑ ደገመለት። ሰው በራሱ ላይ እንዲህ ካለ ማን ወደ መሬት ያያል? ነዳጅ ፈስሶ ስለነበር የጋራዡ ልጆች እሳት እንዳይነሣ ከመንገዱ ዳር ቀይ አፈር እየዛቁ በተኑበት። ስለዚህ አስፋልቱ ላይ አፈር ቢታይ ማንም አልገረመውም።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ ወደ ኩርባው ሄድኩ። የሄድኩት የወለቀ ጫማዋን ፍለጋ ነው፤ ሆስፒታል ስትገባ አንድ እግሯ ባዶ ነበር። ጫማውን ቦዩ ውስጥ አገኘሁት። ቀና ስል ከቀዩ አፈር በፊት፣ የጎማው መንሸራተት ከጀመረበት በላይ፣ ነጣ ያለ ደቃቅ አሸዋ አስፋልቱ ላይ ተዘርግቶ አየሁ። ጎንበስ ብዬ በጣቴ አሸሁት። ጠጠር የለው፣ ሸክላ የለው። ለልስን የምነፋው አሸዋ ነው። ከኩርባው እስከ ጋራዡ አቅጣጫ እየቀጠነ እንደ ክር ይሄዳል። የክሩን ጫፍ ተከትዬ መቶ እርምጃ እንኳ አልሄድኩም፤ ግንቡን ተደግፌ ቆምኩ። ቤቴ ተመልሼ ጆንያውን ገልብጬ አየሁት፤ ጎኑ ተቀዷል፣ የቀረው ከግማሽ በታች ነው።

ለምን በዚያው ቀን አልመጡም ተብዬ ስጠየቅ፣ እሑድ ሙሉ ቀን ጫማውን ጭኔ ላይ አድርጌ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ እኔ ደግሞ አፋፉ ላይ ሰው ገፍቼ ነበር። ምን ብዬ እንደምመልሰው ሳስብ መሸ።

ዛሬ ማለዳ የመፍጫው መኪኖች ሥራ እንደሚጀምሩና አሸዋውን በጎማቸው ይዘውት እንደሚሄዱ ሲገባኝ ወደ ጎሚስታው ሮጥኩ። ሮጥኩ ስል እንደምችለው ነው። ቅዳሜ ብረት ያነሣሁበት ሰው አንድም ሳይጠይቅ አሮጌ ጎማዎቹን አንከባሎ ኩርባው ላይ ደረደረ። አሁንም እዚያው ቆሞ ሾፌር ሁሉ እየሰደበው ነው። ይህን ለሳጅኑ አስቀድሜ በመናገሬ አንድ ትራፊክ ፖሊስ ተልኳል። አሁን ቃሌን በመስጠት ላይ ሳለሁ ስልክ ተደውሎ፣ ነጩ አሸዋ ከቀዩ አፈር ሥር ገብቶ እንደሚታይ፣ ከመንሸራተቱ ምልክትም ቀድሞ እንደሚጀምር፣ ትራፊኩ ልኬት እየወሰደ መሆኑን ሳጅኑ ነግሮኛል። መኪኖቹ ምን ያህል ይታገሣሉ ብዬ ጠይቄአለሁ። ሳጅኑ አላወቀም።

የተሰበረውን ማረጋጊያ ለመለየት የልጄ ባል ከማረፊያ ክፍሉ ወደዚህ ቀርቧል። ጫማው ክር የለውም፤ ወስደውበታል። ሲያየኝ የጠየቀው ስለ ራሱ አልነበረም፤ እንዴት አደረች አለ። ደህና አደረች አልኩት። የብሎኑ ራስ ሲቀርብለት ነጩ መስመር እንዳልተዛነፈ፣ ብሎኑ ተፈትቶ ሳይሆን ተቆርጦ እንደሆነ ተናገረ። ቀጥሎ ሳጅኑ የእኔን የዛሬ ቃል አነበበለት። እሱም፣ «አባባ ይተዉት። እኔ ወጥቼ እርስዎ ቢገቡ ለእሷ ምን ይፈይድላታል? ብረቱም ይዞ ሊሆን ይችላል» አለኝ።

እኔም፣ «አልያዘም። ይዞ ቢሆን ኖሮ ደስ እያለኝ እመሰክርብህ ነበር፤ ስንት ወር ሙሉ ስጠብቀው የነበረ እኔ ነኝ» አልኩት።

ሳጅኑ ሳቁን ዋጠ። የልጄ ባል ግን አልሳቀም፤ ዓይኑን በክንዱ ጠርጎ ተመለሰ።

ማረጋጊያው የሞተሩን አነዳድ ያሻሽላል ወይስ አያሻሽልም የሚል ጥያቄ ቀርቦልኛል። ከባለሙያው በተጨማሪ የተቃዋሚውም ሐሳብ እንዲጻፍ ነው ተብያለሁ። ይህን ጥያቄ ከሁሉ በላይ አስቤበታለሁ። በዓይኔ ያየሁት፣ ቀጥታው መንገድ ላይ መሪው ሳይንቀጠቀጥ መሄዱን ነው። ያለ ማረጋጊያው በዚያ ፍጥነት፣ ያለ አሸዋ፣ በተጠበቀ ሞላ ቢነዳ ይወራጭ ነበር። ስለዚህ ያሻሽላል። «ያሻሽላል» ብሎ የሚጽፈው የእኔ ብዕር ስላልሆነ ደስ ብሎኛል፤ ሆኖም ቃሉ የእኔ ነው። ማረጋጊያው መሪ ያረጋጋል እንጂ መንገድ አይጠርግም። አሸዋ ላይ ሲደርስ ፋብሪካው ራሱ ቢነዳው ይወድቃል። ደግሞም ዋናው በሽታ መሪው ሳይሆን ሞላው ነበር፤ የልጄ ባል ከመጀመሪያው የነገረኝ ይህንኑ ነው፤ ማረጋጊያውን ያመጣው እኔ ስለከለከልኩት ነው። ሞተሩ ከተጠገነ ሞላውን ለአንድ ሰው ክብደት እንዲያላላው ፈቅጃለሁ። ሳጅኑ ይህ ለመዝገቡ እንደማያስፈልግ ገልጾልኛል። በቃል ብነግረው ነገ እክዳለሁ፣ ራሴን አውቃለሁ፤ ስለዚህ ከነፊርማዬ እንዲሰፍር ጠይቄአለሁ።

ቃሌን እንድቀይር ልጄ፣ ዘመድ ወይም ሌላ ሰው ለምኖኝ ወይም አስፈራርቶኝ እንደሆነ ተጠይቄአለሁ። ማንም አልለመነኝም። ልጄ ባሏ መታሰሩን እንኳ አታውቅም። እስከ ትናንት ማታ መድኃኒቱ ስላደነዘዛት በደንብ አልተናገረችም። ዛሬ ማለዳ ከኩርባው ተመልሼ ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት ሆስፒታል ገብቼ አየኋት። ነቅታ ነበር። ዶክተሩ የግራ እግሯን ጣቶች እየነካካ ይሰማሻል ወይ ይላታል፤ አንዳንዱን አዎ ትላለች፣ አንዳንዱን ዝም ትላለች። ዝም ባለች ቁጥር ዶክተሩ ይጽፋል። ሲወጣ እጄን ይዛ፣ እሱስ የት አለ አለችኝ። ውጭ ኮሪደሩ ላይ ነው፣ ሁለት ሰው አይግባ ስለተባለ ነው አልኳት።

«እንግዲያው አባዬ፣ አንተ ውጣና እሱ ይግባ» አለችኝ።

እሺ ብዬ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ የአንዲት አሮጊት ዘንቢል ካለበት ወንበር በቀር ምንም አልነበረም። ሳልቀመጥ ወደዚህ መጣሁ። እሷ አሁንም በሩን እያየች ነው።

ከዚህ በላይ የሰፈረው ቃል መርማሪው ሳጅን በጆሮዬ እስኪገባ ሁለት ጊዜ አንብቦልኛል፤ አንድ ቦታ «ሮጥኩ» የሚለውን ቀስ ብሎ አንብቦልኝ እንዲቆይ ፈቅጃለሁ። የቅዳሜው ቃሌና የዛሬው ቃሌ በተጣሉበት ቦታ ሁሉ የዛሬው ይያዝ። ሊታሰር የሚገባ ሰው ካለ እዚህ ተቀምጫለሁ፤ አድራሻዬም አይጠፋም። በዚህ ወረቀት ላይ ያለው የተናገርኩት በሙሉ እውነት ነው። ሰሞኑን ከተናገርኩት ውስጥ እስካሁን ውሸት ሆኖ የቀረ አንድ ነገር ብቻ አለ፤ እሱም ለልጄ ባልሽ ውጭ ቆሟል ማለቴ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ እሱን እውነት እንድታደርጉልኝ እጠይቃለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ____________
(ምስክሩ የጣት አሻራ ቀለም ቀርቦላቸው አልተቀበሉም፤ ቆመው በራሳቸው እጅ ፈርመዋል።)

ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ሳጅን ፊርማ፦ ____________

ቃሉ ሲነበብ የሰማ ታዛቢ ፊርማ፦ ____________